ካውያ በማይገባበት መርከብ ላይ ዘንጦ መሰንበት

ለሰባት ሌሊት የሜዲትራኒያን የመርከብ ሽርሽር ሻንጣ ስሸክፍ መጀመሪያ የምወስነው ስለ ጨርቁ ነው። ቀለምና ሞዴል ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አብዛኞቹ የመርከብ ኩባንያዎች እሳት ስለሚፈሩ ካውያም ሆነ የእንፋሎት መተኮሻ ወደ ካቢን (የመኝታ ክፍል) እንዲገባ አይፈቅዱም። ፍተሻ ላይ ከተገኘ ይያዝና ጉዞው ሲያልቅ ይመለሳል። የመርከቡ ላውንደሪ በልብስ ቁጥር ስለሚያስከፍል ሸሚዝ በየቀኑ እየሰጡ ማስተኮስ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ወደ ሻንጣው የሚገባ ልብስ ሁሉ ወይ የማይጨማደድ፣ ወይ ተጨማዶም የሚያምር መሆን አለበት።

ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይን፣ ጄኖዋን፣ ቺቪታቬኪያንና ፓሌርሞን አዳርሶ የሚመለስ መርከብ እንውሰድ። በጁላይ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ማታ ግን የመመገቢያ አዳራሹ ኤሲ ያበርዳል፤ ደክ (የመርከቡ ክፍት ወለል) ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። መርከቡ በ20 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ሲጓዝ አየሩ ጸጥ ቢል እንኳ ፊት ለፊት የሚመታው ነፋስ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስስ የሜሪኖ ሹራብ ወይም ሸማኔ የሠራው የጥጥ ሻርፕ የምይዘው ለዚህ ነው፤ አንዱ ይበቃል።

የሻንጣው ዋና አንድ ሙሉ ልብስ ነው፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክሩ ጠብቆ ከተገመደ ስስ ሱፍ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 280 ግራም የሚመዝን። ሱፍ ሲባል ብዙ ሰው ሙቀት ይታየዋል። ነገር ግን ክሩ ጠብቆ ተገምዶ ሽመናው ሳሳ ሲል አየር ያሳልፋል፤ ታጥፎ የዋለውም ተሰቅሎ ሲያድር ራሱ ይዘረጋል። የሊነን (የተልባ እግር ጨርቅ) ኮት ፎቶ ላይ ያምራል። ከአንድ እራት ሲነሱ ግን ክርኑና የጀርባው ታችኛ ክፍል ይሸበሸባል፤ ያለ ካውያ ደግሞ ያ ሽብሽብ እስከ ጉዞው መጨረሻ ይዘልቃል። ኮቱ ጀርባው ላይ ገበር፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ባይኖረው ይመረጣል። ኪሶቹ ከላይ የተለጠፉ፣ ቁልፎቹ ቡናማ ይሁኑ። ይህን የምለው ኮቱ ከሌላ ሱሪ ጋርም እንዲለበስ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የቢሮ ኮት ክሬም ሱሪ ላይ ሲደረግ ግማሹ የጠፋበት ሙሉ ልብስ ይመስላል።

በሰባት ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማታ መደበኛ አለባበስ ይጠየቃል። አንዱ ኩባንያ ሙሉ ልብስ ይጠብቃል፤ ሌላው ባለ ኮሌታ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ሳልሸክፍ በፊት የኩባንያውን የአለባበስ ደንብ አነባለሁ። ሙሉ ልብሱ በመደበኛው ማታ ከነጭ ሸሚዝና ከሹራብ ከረባት ጋር ይለበሳል። የሹራብ ከረባት ተጠቅልሎ ጫማ ውስጥ ቢገባም አይጨማደድም። በሌላው ማታ ኮቱን ከክሬም ሱሪ ጋር ያለ ከረባት፣ በሦስተኛው ደግሞ ሱሪውን ብቻውን ከፖሎ ጋር አደርገዋለሁ። አንዳንድ መርከቦች ሁሉም ነጭ የሚለብስበት ማታ አላቸው። ለዚያ ኮሌታው ላይ ጠበብ ያለ ጥለት የተሠራበት የሀገር ቤት የጥጥ ሸሚዝ ከክሬም ሱሪ ጋር የሚያህለው የለም፤ እንዲያውም ከመደብር የተገዛውን ነጭ ሁሉ ያስንቃል። የጥለቱ ክር ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ከሌላ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ።

ሸሚዝ አራት ነው የምይዘው፦ ሁለት የጥጥ፣ ለእራት፤ ሁለት የሊነን፣ ለቀን። ለሸሚዝ ሊነንን የምቀበለው ሽብሽቡ ቀን ላይ ስለሚያምርበት ነው። ግን በጣም ስስ የሆነው ላብ ሲነካው ሰውነት ያሳያል፣ ኮሌታውም ይተኛል። በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም የሆነው ቅርጹን ይይዛል። ከኮት ሥር የሚለበስ ከሆነ ኮሌታው በትንንሽ ቁልፍ የሚያያዝ ይሁን፤ አለዚያ ከኮቱ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከዚህ ላይ ሁለት ፖሎ፣ ሦስት ከናቴራ፣ ከሙሉ ልብሱ ሱሪ ሌላ ሁለት ረጅም ሱሪ (አንድ ክሬም፣ አንድ ካኪ)፣ ሁለት ቁምጣ፣ ሁለት የዋና ቁምጣ። የዋና ቁምጣ ሁለት መሆኑ ግድ ነው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል፣ እርጥቡን ለብሶ ምግብ ቤት መግባትም ነውር ነው። ለተራው ቁምጣ ከእግሮቹ መገናኛ እስከ ጫፉ 18 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ልክ ነው፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጉልበትን አልፎ የሚወርድ ቁምጣ ቁመት ይቀንሳል።

ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ እስከ ክሬምና ቡናማ ብቻ ነው። ሁሉን አልጋ ላይ ዘርግቼ ከሁለት ሱሪ በታች የሚስማማውን ሸሚዝ አወጣለሁ፤ የቱንም ያህል ብወደው።

ካኪውን ሱሪ ያለ ምክንያት አልጨመርኩም። ከቺቪታቬኪያ ሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በባቡር የሄደ ሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካን ሳያይ አይመለስም። እዚያ ደግሞ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ወንድም ቢሆን ቁምጣ ለብሶ ከደጅ ይመለሳል። በመንገድ ላይ ላለው ሙቀት ሰፋ ያለ ስስ የጥጥ ሱሪ ከቁምጣ ብዙም አይተናነስም። ጉዞው ወደ ካሪቢያን ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ባርቤዶስ፣ ጃማይካና ትሪኒዳድና ቶባጎን በመሳሰሉ አገሮች የወታደር ዥጉርጉር ልብስ መልበስ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው። ቁምጣም ቆብም ቢሆን እቤት ይቅር።

ጫማ ሦስት፦ ጥቁር ቡናማ ሎፈር (ማሰሪያ የሌለው ጫማ)፣ ነጭ ስኒከርና ነጠላ ጫማ። የሎፈሩ ሶል ጎማ መሆን አለበት። ደክ ሲታጠብና ጤዛ ሲያርፍበት የቆዳ ሶል ያንሸራትታል። ስዌድ (ላዩ ለስላሳ ጸጉር ያለው ቆዳ) ደግሞ የባሕር ውሃ ሲነካው ጨው የሠራው ነጭ መስመር ይቀርበታል። ከሁሉም የሚከብደው ስኒከር ስለሆነ አውሮፕላን ውስጥ የምገባው እሱን አድርጌ ነው።

ነጭ ልብስን በበጋ የሚያበላሸው ከላብ ይልቅ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ብዙዎቹ ክሬሞች ውስጥ ያለው አቮቤንዞን የሚባል ፀሐይ መከላከያ ኬሚካል ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ኮሌታ ላይ የዝገት መልክ ያለው ቢጫ ይተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በረኪና ያፈስበታል፤ በረኪና ግን ያባብሰዋል። ክሬሙን ተቀብቼ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ ነው ሸሚዝ የምለብሰው፤ ማታውኑ ደግሞ ኮሌታውን በፈሳሽ ሳሙና አሸት አሸት አድርጌ አጥባለሁ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ክሬም ቢጫ አይተውም፣ ነገር ግን ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ላይ ነጭ ይለጥፋል። ከናቴራና የውስጥ ሱሪም በዚያው በመታጠቢያ ገንዳ ስለሚታጠቡ አምስት የውስጥ ሱሪ ይበቃል። የታጠበውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ በጉልበት መጫን የማድረቂያውን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል። ሊነን እንዲህ ተደርጎ፣ በእጅ ተወጥሮ ከተሰቀለ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ጂንስ ግን አይደርቅምና አልይዝም።

አስተጣጠፉ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ልብስ የሚጨማደደው እጥፋቱ ላይ ጨርቅ ከጨርቅ ተያይዞ ሲጫን ነው፤ በመካከል ስስ ፌስታል ከገባ ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም። ኮቱን አንዱን ትከሻ ወደ ውጭ እገለብጥና ሌላውን ትከሻ እሱ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ የውስጥ ገጹ ወደ ውጭ ይሆናል። ከዚያ በቁመቱ አጥፌ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጌ፣ ከላይ አስተኛዋለሁ። ረጃጅም ሱሪዎች መጀመሪያ ይዘረጋሉ፣ ግማሻቸው ከሻንጣው ጠርዝ ውጭ ይንጠለጠላል። ሌላው ልብስ ከተደረደረ በኋላ ያ ግማሽ ተመልሶ ይታጠፍበታል፤ እጥፋቱ ላይ ከናቴራዎቹ ተጠቅልለው ስለሚቀመጡ ስለት የመሰለ መስመር አይወጣም። ቀበቶው ተጠቅልሎ ኮሌታ ውስጥ ሲገባ ኮሌታው አይደፋም። ጫማዎች ካልሲ ተሞልተው በሻንጣው ጎማ በኩል፣ ሻንጣው ሲቆም ከታች በሚሆነው ጎን ይገባሉ።

ካቢን እንደገባሁ ሁሉን እሰቅላለሁ። የብዙ መርከቦች የካቢን ግድግዳ ብረት ስለሆነ አራት የማግኔት መስቀያ ይዞ መሄድ ሰፊ ቁም ሣጥን እንደማግኘት ነው። ሱፉን መታጠቢያ ቤት ሰቅሎ ሙቅ ውሃ ለአሥር ደቂቃ መክፈት ይዘረጋዋል። ለጥጥና ለሊነን ግን እንፋሎቱ አይበቃም፤ በትንሽ መርጫ ውሃ አርከፍክፎ በመዳፍ መዘርጋት ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ከትልቁ ሻንጣ ውጭ ይያዝ። በመሳፈሪያው ቀን ሻንጣው ከሸካሚዎቹ እጅ ካቢን እስኪደርስ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የዋና ቁምጣና የእራት ሸሚዝ ከፓስፖርትና ከመድኃኒት ጋር በእጅ ቦርሳ ይግቡ። በመጨረሻው ማታ ደግሞ ሻንጣዎች ከበር ውጭ ተደርገው ሌሊቱን ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ ከመዝጋቴ በፊት የጠዋቱን ሱሪ፣ ፖሎ፣ የውስጥ ሱሪና ካልሲ ወንበር ላይ፣ ስኒከሩን ከወንበሩ ሥር አስቀምጣለሁ።