ቁሌቱ እስኪደርስ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! ይህን የምጽፈው ማድቤት ቆሜ ነው። በአንድ እጄ ቁሌቱን አማስላለሁ፣ በሌላው ስልኬን እነካካለሁ። ሽንኩርቱ ካረረ ጥፋቱ የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ፣ የቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ነው።

ገና በመጣ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ኮፕት፣ ማለትም የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ፤ በዓሉን እንደኛው ታኅሣሥ 29 የሚያከብሩ። አያታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ1910 ተገደሉ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዙልኝ)። እሳቸው ፓሪስ ተምረው ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1977 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት ከእስራኤል ጋር ሰላም ለማውረድ ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ ሲሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥራውን ለቀቀ። ፕሮፌሰሩ ግን አብረው ሄዱ። ከዚያ ለዓመታት ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ሠሩ። በተጠባባቂነት ካልሆነ ዋናውን ወንበር አላገኙትም። ኮፕት ስለሆኑ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ።

በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። የዚያኑ ዓመት ዲሴምበር 31 ጦርነት ላይ የነበረችው የቦስኒያ ዋና ከተማ፣ ሳራዬቮ ገቡ። ከተማዋ ተከባ ነበር። እሳቸው ግን ከዚህ የባሰባቸው አሥር ቦታዎች ልዘረዝርላችሁ እችላለሁ አሉ። ሰው ጮኸባቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ሞቃዲሾ ወረዱ። እዚያ ደግሞ የተቃዋሚ ሰልፈኞች ድንጋይ ጠበቃቸው፤ የራሳቸው ድርጅት መሥሪያ ቤት እንኳ መግባት አልቻሉም። በማግስቱ አዲስ አበባ ላይ የሶማሊያ አንጃዎችን የዕርቅ ስብሰባ ከፈቱ። በኛ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ነው። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶታል።

የሳራዬቮው ንግግር ለተከበበ ሰው የሚነገር አልነበረም። ግን የአፍሪካ ሬሳ ለዓለም አይታየውም ማለታቸው ከሆነ፣ እውነታቸውን ነው። ደግሞ በ1994 ሩዋንዳ በዘር ጭፍጨፋ ስታልቅ ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በዓል ነው ብዬ ይሄን አልዘለውም። የዓባይን ነገር ግን ለዛሬ እንተወው፣ ጾም ልንፈታ ነው።

በ1996 ለሁለተኛ ዙር ሲቀርቡ ከጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት 14ቱ ደገፏቸው። አሜሪካ ብቻዋን ቬቶ አደረገች፣ በቃ አለቀ።

በ2016 አረፉ። የተቀበሩት ካይሮ፣ አባሲያ፣ ቤተሰባቸው ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ እዚያው ቦምብ ፈነዳ። የሞቱት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ወር ሳይሞላ ገና ደረሰ።

ዛሬ ማታ ካይሮም ቅዳሴ አለ። እነሱ ወደ እኩለ ሌሊት ይገድፋሉ፣ እኛ ሊነጋጋ ሲል። ሽንኩርቱ አላረረም። በርበሬውን ልጨምር።