ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም

ይህን የምጽፈው አሁንም ስለሚያንገበግበኝ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ "አርፍደሽ ትገቢያለሽ" ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ደሞዟም ተቆረጠ። ማስረጃው ኮምፒውተሯ ነው። እሷ ጠዋት 2፡30 ገብታ ስትከፍተው ማሽኑ 11፡30 ብሎ መዝግቧል። በኛ አቆጣጠር ረፋድ 5፡30 መሆኑ ነው።

እኔን የጠሩኝ ለፕሪንተር ነበር። እግረ መንገዷን ነው የነገረችኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጠዋት ሰዓቱ ይቀድማል። ረፋድ ላይ ደግሞ ራሱ ይስተካከላል። ማን ይመነኝ?"

"በስንት ነው የሚቀድመው?"

"ሦስት ሰዓት። ልክ ሦስት።"

ከእኔ በፊት አንድ ባለሙያ መጥቶ የክፍሉን ማሽኖች ባትሪ በሙሉ ቀይሮ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ይሄ ያናድደኛል። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የማሽኑ ዋና ሰሌዳ፣ ማሽኑ ሲጠፋም የሚቆጥር የራሱ ሰዓት አለው፤ ባትሪው ለእሱ ነው። ባትሪው ሲሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፣ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ልክ ሦስት ሰዓት አይቀድምም። አገራችን የዓለም ሰዓት ከሚለካበት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ልክ ሦስት ሲባል የሰማ ባለሙያ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ይህን ማሰብ አለበት።

"ሁልጊዜ ነው?" አልኳት።

"የለም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ።"

"ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታስ ማን ይጠቀምበታል?"

"የማታ ተማሪዎች።"

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተገለጠልኝ። ማሽኑ ላይ ሁለት ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም) አለ፤ አንዱ የቢሮው፣ ሌላው ተማሪዎች የሚለማመዱበት። የተማሪዎቹ ሲጫን ዊንዶውስም አብሮ ነበር። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት ማሽኑ ባለበት አገር ሰዓት ነው የሚይዘው። ሊኑክሱም ሲጫን እሱን አይቶ እንደዚያው ሆነ። በኋላ ዊንዶውሱ ተነሥቶ በቦታው የቢሮው ሊኑክስ ገባ። ይሄኛው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያገኘውን እንደ ግሪንዊች ሰዓት ያነበዋል። ማታ የተማሪዎቹ ሊኑክስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ማዘርቦርዱ ላይ የጎንደርን ሰዓት ይጽፋል። ጠዋት የቢሮው ሊኑክስ ያንን አንብቦ ሦስት ይደምርበታል። ረፋድ ላይ ኢንተርኔት ሲመጣ ይታረማል። ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሲያዩት ሰዓቱ ልክ ነው።

እሳቸው ዘንድ ገባሁ።

"የኛና የፈረንጅ ሰዓት ተምታቶባት ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እሱ ስድስት ሰዓት ነው። ይሄ ሦስት ነው።"

"ኮምፒውተር አይዋሽም። ሰው ነው የሚዋሽ።"

ደሜ ፈላ። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ "በሰዓቷ ነው የምትገባ" ብሎ መስክሮላታል። አልሰሙትም። በየቀኑ በዓይኑ የሚያያትን ሰው ትተው፣ ሰዓቱን ከየት እንዳመጣው የማያውቁትን ማሽን አመኑ።

ተነሥተው እንዲያዩ ለመንኳቸው። ጆርናሉን፣ ሊኑክስ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩ። አንዱ መስመር 12፡52 ይላል። ከሥሩ ያለው 9፡52። የአንድ ጠዋት መዝገብ ነው፤ ማሽኑ በመሐል አልጠፋም።

"ጋሼ፣ ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ያውቃል?"

መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። ሁለቱን መስመሮች በጣታቸው እየነኩ ደጋግመው አነበቡ። መልስ አልሰጡኝም።

ጥገናው አጭር ነው። የተማሪዎቹ ሊኑክስ ላይ፣ ኢቲሲ በሚባለው የማስተካከያ ፎልደር ውስጥ አድጅታይም የሚባል ፋይል አለ። ሦስተኛው መስመር "ሎካል" ይላል፤ የማዘርቦርዱ ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ማለቱ ነው። በታይምዴትሲቲኤል ትእዛዝ ሎካል አርቲሲውን (አርቲሲ የማዘርቦርዱ ሰዓት ነው) ወደ ዜሮ መለስኩት፤ መስመሩ "ዩቲሲ"፣ ማለትም የግሪንዊች ሰዓት፣ ሆነ። ከዚያ የኢንተርኔት ገመዱን ነቅዬ ሁለቱንም በየተራ አስነሣኋቸው። ገመዱን መንቀል የግድ ነው። ካልተነቀለ ኢንተርኔቱ ስሕተቱን ይሸፍነውና ሠራሁ ብለህ ትሄዳለህ። ዊንዶውሱ አሁንም ቢኖር ኖሮ የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ሬጅስትሪ ውስጥ "ሪልታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል" የሚለውን 1 አድርጌ እሱንም ወደ ግሪንዊች አመጣው ነበር። በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ሲስተሞች በሙሉ ማዘርቦርዱን በአንድ ዓይነት ማንበብ አለባቸው።

የጆርናሉን ገጽ አትሜ፣ ከሥሩ ምክንያቱን ጽፌና ፈርሜ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። አመለከተችበት። ማስጠንቀቂያው ከፋይሏ ወጣ። የተቆረጠው ደሞዝ ግን "ወሩ ተዘግቷል" ተብሎ አልተመለሰላትም። ባለፈው ለሌላ ሥራ ስሄድ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኋቸው። "እናየዋለን" አሉኝ። ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ።