ሚድ ፈተና ካለፈ በኋላ የደረሰ ብሬል

የምደባ ደብዳቤዋ አንድ ገጽ ናት። «ከመደበኛ የማስተማር ሥራዎ በተጨማሪ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ አስተባባሪ ሆነው እንዲሠሩ ተመድበዋል» ትላለች። የማስተምረው ሳይኮሎጂ ነው። ዲኑ ጋ ገብቼ «ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ልጆቹ ሲመጡ ይነግሩሃል» አለኝ። እኔን ለመገላገል ብሎ ነው ያለው። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ካገኘሁት ምክር ሁሉ ዋናው እሱ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባ ውጪ ነው፤ ስሙ ይቅር። ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ ጎማው የተነፈሰ ዊልቸር። የዚያን ዓመት የተመዘገቡት አርባ ገደማ ነበሩ። ከግማሽ በላይ ዓይነ ስውራን፣ ጥቂት መስማት የተሳናቸው፣ የቀሩት በክራንችና በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ።

እኔም እንደማንኛውም አዲስ ተመዳቢ ዕቃ መዘርዘር ጀመርኩ። የብሬል ማተሚያ፣ የብሬል ወረቀት፣ ስሌትና ስታይለስ (ብሬል በእጅ መጻፊያ)፣ ድምፅ መቅጃ፣ ነጭ በትር። ዝርዝሩ ሦስት ገጽ ሆነ። ግዢ ክፍል ወሰደው። ፕሮፎርማ (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰበሰበ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተሰበሰበ። ዕቃው የገባው በሰኔ ነው፣ በጀት ከመዘጋቱ በፊት ሁሉም በሚራወጥበት ሳምንት። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠለትና ግምጃ ቤት ገባ። ላወጣው ስሄድ የግምጃ ቤቷ እናት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ሞዴል 22 ሳታመጣ ከዚህ አንድ ወረቀት አይወጣም» አሉኝ። እሱን የወጪ ቅጽ እስካስፈርም ተማሪዎቹ ለክረምት ወደየቤታቸው ሄደዋል።

በጥቅምት ማተሚያው ተተከለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ሃንድአውት በእጄ የገባው ግን ትምህርት ከተጀመረ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ፎቶ ኮፒ። ቀን ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ከሁለት ተማሪዎች ጋር እንተይባለን። ጂኦግራፊውን አትመን፣ ጠርዘን፣ ለአንዱ ልጅ ይዤለት ሄድኩ። ዶርሙ በር ላይ ቆሞ ገለጠው። ጣቱ የመጀመሪያውን መስመር ሄደ፣ ሁለተኛውን ሄደ፣ ከዚያ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይሄ ምዕራፍ ሁለት ነው?»

«አዎ።»

ሳቀ። «ሚዱን እኮ ሐሙስ ለት ተፈተንን።»

አልተናደደም። ብስጭቱን ለምዶታል መሰለኝ፣ ያ ነው የከነከነኝ። ጓደኛው ጥቅምት ላይ ያነበበውን እሱ ኅዳር ላይ ያነባል። ያኔ ጓደኛው የኅዳርን እያነበበ ነው። ማተሚያ ብገዛ፣ ሁለት ብገዛ፣ ይህ አይቀየርም። የሚቀየረው ሃንድአውቱ የሚወጣበት ቀን ነው።

ስለዚህ የዕቃ ዝርዝሩን አጥፌ የግድግዳ ካላንደር ሰቀልኩ። የትኛው መምህር የትኛውን ኮርስ እንደሚሰጥ ትምህርት ክፍሎች በነሐሴ መጨረሻ ያውቁታል። መስከረም ላይ ጽሑፉ እጄ ከገባ ጥቅምት ላይ ልጁ እጅ ይገባል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው።

ሃንድአውት ቀድመው እንዲልኩልኝ ለትምህርት ክፍሎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። በቁጥር ወጣ፣ ተመራ፣ ፋይል ተደረገ። አንድም ሃንድአውት አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤውን ይዤ ፍላሽ ኪሴ ከትቼ በእግሬ ዞርኩ። አንዳንዱ መምህር ሶፍት ኮፒ መስጠት ይፈራል። ነገ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ ይሸጣል ብሎ ነው፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እነሱ ጋ አልተከራከርኩም። ቢሮ ድረስ መጥተው ፋይላቸው ወደ ብሬል ሲቀየር እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። አንደኛው ልጁ በጣቱ የእሱን ስም ከሽፋኑ ላይ ሲያነብለት ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቀው ነው የሚልክልኝ።

የፋይል ነገር ከተነሳ አንድ ጣጣ ልንገራችሁ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፤ በኮምፒውተር ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ ፎቶ አያነብም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሕግ ተማሪዎች ጣጣ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ሆኖ በሁለት ዓምድ ይታተማል። ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ዓምዱን ካልለየ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ይቀጥልና ግማሽ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ያነባል። በድሮ፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ሰነድ ከሆነ ደግሞ «ሰላም» የሚለው ቃል ለኮምፒውተሩ የምልክትና የላቲን ፊደል ጥርቅም ነው። አንዷ የሕግ ተማሪ ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ከፍታ አሰማችኝ። «አዋጁን በቻይንኛ ነው ያወጡት እንዴ ቲቸር?» አለች። አሁን አዋጆቹን ዓምድ በዓምድ እየቆረጥን፣ ስህተቱን እያረምን በፎልደር እናስቀምጣለን። አንዴ የታረመ ለሚቀጥለው ባች ይተርፋል።

ኤንቪዲኤ በነጻ የሚገኝ ስክሪን ሪደር ነው፤ ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን የጀመሩት። በጀት ስለማይጠይቅ ወደድኩት። ሥልጠናውን ግን መጀመሪያ ላይ ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት ሰጠሁ፣ «እነሱ ይብሳሉ» ብዬ። ተሳሳትኩ። ለመመረቅ የሚወሰደው የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በአራተኛ ዓመቱ በአንድ ወር አይደርስበትም። አሁን የምንጀምረው ግቢ በገቡ በመጀመሪያው ወር ነው።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የሪደር ጉዳይ ነው። ለማያውቅ ሰው፦ ዓይነ ስውር ተማሪ ሲፈተን ጥያቄውን የሚያነብለትና መልሱን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ግቢ ውስጥ «ሪደር» ነው የምንለው። ሪደሮቹ ተማሪዎች ናቸው። በፈተና ሳምንት እነሱም ይፈተናሉ። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በኮሪደር «ማነው ነጻ?» እያልኩ ስሯሯጥ ያያችሁኝ ብትኖሩ፣ አዎ፣ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ከፈተና ወጥቶ ቢሮዬ መጣ። ተቀመጠ፣ በትሩን አጠፈ።

«ሰባተኛውን ቢ ነው ያልኩት» አለኝ። «ሪደሩ ‹እርግጠኛ ነህ?› አለኝ። ደነገጥኩና ሲ አልኩ።»

«መልሱ ምን ነበር?»

«ቢ።»

ሪደሩ ክፉ ልጅ አይደለም፤ መርዳቱ ነው። ሌላኛው ደግሞ ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ በተቃራኒው ፍርደ ገምድል ነው። ንባብ የማይከብድ ሥራ ይመስላል። እኔም ማንበብ የሚችል ሁሉ ሪደር ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ ፈተና ወቅት በፊት የግማሽ ቀን ልምምድ አለን። አራቱንም ምርጫ በአንድ ድምፅ አንብብ። ጥያቄውን አታብራራ። «እርግጠኛ ነህ?» አትበል። ሲያልቅ የጻፍከውን መልሰህ አንብብለት። ግራፍ ወይም ካርታ ካለ ከመምህሩ ጋር ከፈተናው በፊት ይታያል እንጂ አዳራሽ ውስጥ «እዚህ ጋ አንድ መስመር ወደ ላይ ይሄዳል» እየተባለ አይፈተንም።

ተጨማሪ ሰዓቱም እንደ መምህሩ ርኅራኄ ነበር። አንዱ ግማሽ ሰዓት ይሰጣል፣ ሌላው «ሰዓት አልቋል» ብሎ ወረቀቱን ይነጥቃል። ግማሽ ገጽ መመሪያ ጽፈን በአካዳሚክ ኮሚሽን አጸደቅን፦ በሪደር የሚፈተን ተማሪ የፈተናውን ሰዓት ግማሽ ይጨመርለታል። ሌላ ምንም የለበትም። ሦስት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ ይህችን ግማሽ ገጽ የሚያህል የለም።

ለሪደሮቹ ለመክፈል የበጀት ርዕስ የለም። ማኅተም ያለው ሰርተፍኬት እንሰጣለን። ለሥራ ማመልከቻ ስለሚጠቅማቸው ይወዱታል። ሻይ ደግሞ በኔ።

መስማት በተሳናቸው ተማሪዎች በኩል ስህተቴ ሌላ ነው። አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲቀጠርልን ተፈታ ብዬ ተነፈስኩ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሌክቸር አንድ ሰው ብቻውን ሲያስተረጉም ያየ ይፈርዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁ ይዝላል፣ ትርጉሙም ይሳሳል። እንደ ደንቡ ሁለት ሆነው በየሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃው መቀያየር አለባቸው። ሁለተኛ ሰው አላገኘሁም። ያደረግሁት ሌክቸሩን መካከል ላይ በእረፍት መክፈልና ኖት የሚይዝላቸው ተማሪ መመደብ ነው። እጅ እያየ ማንም ደብተር ላይ አይጽፍምና። ኖቱ ማታ በቴሌግራም ይላካል። ምልክት የሌላቸው የሙያ ቃላት ሲመጡ ተማሪዎቹና አስተርጓሚው ተስማምተው ምልክት ይፈጥራሉ፣ በስልክ ይቀርጹታል። ቪዲዮዎቹ አሁን ብዙ ናቸው፤ አዲስ አስተርጓሚ ቢመጣ ከዚያ ይጀምራል።

ራምፑን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። አዲሱ የመማሪያ ሕንፃችንም መግቢያ አለው። ሦስት ደረጃ፣ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ ጎኑ ላይ ሁለት ሜትር የማይሞላ የሲሚንቶ ተዳፋት። በተለመደው መለኪያ አንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ ይሄኛው አምስት ሜትር ከአርባ መሆን ነበረበት። ዊልቸር የሚጠቀመው ተማሪያችን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አየውና «ይሄ ለሞተር ሳይክል ነው» አለ። ሕንፃውን ተረክበናል፣ ክፍያው አልቋል። ለሚቀጥለው ሕንፃ ልጁን ጊዜያዊ ርክክቡ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከፊርማው በፊት አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ። ሁለት ቦታ ፈርሶ ተሠራ።

እስከዚያው ግን ሲሚንቶ የማይጠይቅ ነገር ነበር፦ የእሱን ሴክሽን ክፍሎች በሙሉ ምድር ቤት ማድረግ። ሬጅስትራር ፕሮግራም ከማውጣቱ በፊት ከነገርከው አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ ከጠየቅከው አንድ ሴሚስተር።

አንድ ተማሪ ደግሞ ዝርዝሬ ላይ አልነበረም። የሚጥል በሽታ አለበት። ዶርም ሲደለደል የደረሰው የፎቅ አልጋ ላይኛው ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ስም ይወጣልኛል ብሎ። ሌሊት እየፈራ ቁጭ ብሎ ያድር ነበር። የነገረኝ ሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ ስለ እንቅልፍ ስናወራ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው። ለዶርሙ ኃላፊ፣ ለፕሮክተሩ፣ «ይህ ተማሪ የታችኛው አልጋ ይሰጠው» የምትል አንድ መስመር ጻፍኩ። ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ ፕሮክተሩም አልጠየቀ። ያኔ የመመዝገቢያ ቅጹን ቀየርኩት። ድሮ «የጉዳት ዓይነት» የሚል ሣጥን ነበረው። አሁን የሚጠይቀው «ግቢ ውስጥ ምን ላይ ትቸገራለህ/ትቸገሪያለሽ?» ብሎ ነው። በዚያው ዓመት ድሮ መጥተው የማያውቁ ልጆች መጡ። ከሰሌዳው ቅርብ መቀመጥና በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተና ብቻ የሚፈልጉ አልቢኒዝም ያለባቸው ሁለት እህትማማቾችም ነበሩባቸው።

ያልሠራልኝም አለ። የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ እስካሁን አቅቶኛል። ቀመር በብሬል የሚጽፍ ሰው የለንም፣ አንዳንዶቹ ልጆችም ከታች ክፍል ጀምሮ ሒሳብ እንዲዘሉ ተደርገው ነው የመጡት። ፊዚካል ፊትነስ ላይ ግን ተረታሁ። መምህሩ ዓይነ ስውራኑን «ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ማርክ እሰጣችኋለሁ» ሲላቸው ደግ ሰው መስሎኝ ነበር። እነሱ ናቸው የተቆጡት። አሁን ከአንድ ጓደኛ ጋር አጭር ገመድ ይዘው ይሮጣሉ፤ መምህሩም ሰዓት ይይዛል።

የዘንድሮው ደብዳቤ ነሐሴ 20 ወጣ። ከአሥራ አንዱ ትምህርት ክፍሎች አራቱ ልከዋል። ለቀሩት ሰኞ ጠዋት በእግሬ እወጣለሁ፤ ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው።