በማዳበሪያ የመጡት ጫማዎች

ለትንንሽ ሱቆች ጋዜጣዊ መግለጫ እጽፋለሁ። ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ መነጽር ቤት። ሁሉም «ስለ እኛ ምን አዲስ ነገር ይጻፋል?» ይሉኛል። ያን ጊዜ አንድ ጫማ ሠሪ ትዝ ይሉኛል።

ሱቃቸው ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ልጃቸው ተበድሮ የሶል መስፊያ ማሽን ገዛላቸው። መግለጫውን ያዘዘኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ዱካ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ከፈትኩ። ጋሼ ጠረጴዛው ሥር ያሉትን ሁለት ማዳበሪያዎች አሳዩኝ።

«ልጄ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። የሰው ንብረት ነው። ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ተበትነዋል።»

«ጋሼ፣ እሱን እንመለስበታለን። መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ወስፌውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ የጠየቅኳቸውን ብቻ መለሱ። ያቺ ዝምታ ዛሬም ትቆጨኛለች። ሰውዬው ወሬውን በእጄ ሰጥተውኝ ነበር።

«ዘመናዊ ማሽን ተከለ፤ ለአዲስ ዓመት 20 በመቶ ቅናሽ አደረገ» ብዬ ጻፍኩ። ማህተም አስመታሁ። ለእሁድ ጋዜጣ እንዲደርስ ሐሙስ ጠዋት ላክሁ። ከሰዓት አንድ የማውቀው አዘጋጅ ደወለ።

«እህቴ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ክፍል ከፍለሽ ታወጪዋለሽ። ለአንባቢዬ ግን ምን አለው?»

ተናደድኩ። ማታ ላይ ግን እውነቱን መሆኑ ገባኝ። ነሐሴ መጨረሻ ነው። ከቴሌቪዥን ሻጭ እስከ ፀጉር ቤት የእንቁጣጣሽ ቅናሽ የማይልክ የለም። የእኔ ወረቀት ከሌላው በምን ይለያል?

በማግስቱ ተመልሼ ማዳበሪያዎቹን እንድንፈታ ጠየቅኳቸው። 31 ጥንድ ጫማ ወጣ። እያንዳንዱ ክር ላይ የካርቶን ቁራጭ ታስሯል። ስልክ ቁጥር የለውም። «የመምህርቷ ልጅ»። «ኬክ ቤት የምትሠራዋ»። «ረጅሙ ዘበኛ፣ ግራው ተረከዝ»። ጎረቤት ለጎረቤት ስልክ አይጽፍም። ሰፈሩ ራሱ አድራሻ ነበር። ሁሉም ተወልውለው፣ አፍንጫቸው እንዳይጎብጥ ጋዜጣ ተጠቅጥቆባቸዋል።

ሁለተኛው መግለጫ አንድ ገጽ አልሞላም። ርዕሱ «ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች 31 ጥንድ ጫማ ይጠብቃቸዋል» ይላል። የካርቶኖቹን ጽሑፍ እንዳለ ገለበጥኩ። የሱቁን አቅጣጫና የሥራ ሰዓት ጨመርኩ። ቅናሹን አወጣሁ፤ ማሽኑንም አልጠቀስኩም። ያው አዘጋጅ በእሁዱ እትም አወጣው። አንድ ሬዲዮም ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነበባቸው።

ልጃቸው ከፍቶት «ማሽኑስ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ብድር አለበት። እኔ ግን ያንን ወረቀት ዛሬም በዚያው መልክ እጽፈዋለሁ። አሁን አዲስ ሱቅ ስገባ የማስቀድመው ጥያቄ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አይደለም። «እዚህ ቤት ምን ያስጨንቅዎታል?» እላለሁ። ሳይወሰድ የቀረ ዕቃ፣ ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር፣ የዱቤ መዝገብ፣ ሁሉንም አያለሁ። ደብተሬንም ቶሎ አልከፍትም።

በሳምንቱ መምህርቷ ከገላን ጉራ ታክሲ እየቀያየረች መጣች። ልጁንም ይዛዋለች። ጋሼ ተንበርክከው ጫማውን ሊያጠልቁለት ሞከሩ። ተረከዙ አልገባም። ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ ነው፤ እግሩ አድጓል።

እናትየው ቦርሳዋን ከፍታ ሒሳብ ልትከፍል ስትል ጋሼ እጇን ያዙ። ከዚያ የልጁን እግር ካርቶን ላይ አስቁመው ዙሪያውን በእስክርቢቶ ነደፉ። ከሥሩ «የመምህርቷ ልጅ» ብለው ጻፉ።

«ስልክሽን ንገሪኝ» አሏት።