የፎቶ ሥልጠናችን ለምን ኅዳር 12 ሆነ

ፎቶ ለሚወዱ ጀማሪዎች የማዘጋጀው የሁለት ቀን ሥልጠና ቀኑ ተቆርጧል፤ አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ኅዳር 12 እና እሑድ ኅዳር 13፣ 2019 ዓ.ም.። "መስከረም ላይ ብታደርገውስ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አደይ አበባውን እኔም እወደዋለሁ። ግን መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አይለቅም፤ የትምህርት ቤት ክፍያም ኪስ ያራቁታል። የካቲትና መጋቢት ደግሞ አቧራው ሰማዩን ያደበዝዘዋል። ኅዳር ላይ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ሄዷል፤ አቧራውም ገና አልተነሣም።

ቅዳሜውን የመረጥኩት ግን ለጭሱ ነው። ኅዳር 12 "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከመታው የኅዳር በሽታ ወዲህ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ጭሱ በየአጥሩ ሥር ይተኛል። የጠዋት ፀሐይ በዛፍና በቆርቆሮ መካከል ስትገባበት ጨረሯ አንድ በአንድ ይታያል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ለመሥራት የጭስ ማሽን ያስፈልጋል። ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ታነሣላችሁ፣ ጨረሩ እንዳይነጣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ትቀንሳላችሁ። አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ ትኩረቱን የሚያስተካክልበት) ጭስ ውስጥ ይንከራተታል፤ የምታነሡት ሰው የትከሻ ጠርዝ ላይ አስይዙት።

ለፎቶ ብለን ምንም አናቃጥልም። ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው፣ ሰፈሩ ራሱ ያነደደውን ብቻ እናነሣለን። አስም ያለባችሁ ቅዳሜ ጠዋትን ዝለሉት፤ እሑድ ጠዋት እንጦጦ ስለምንወጣ ያኔ ተቀላቀሉን። እሳት የሚቆሰቁሱ እናቶችን ደግሞ ሰላም ሳንል፣ ሳናስፈቅድ ካሜራ አናነሣም።

ሰዓቱ ላይ አልደራደርም። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 12፡20 አካባቢ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። "ጠዋት 3 ሰዓት እንጀምር" ያላችሁኝ ሁሉ፣ ያኔ የምናገኘው ዓይን ሥር የጠቆረ ፊት ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ቆመን እንገኛለን። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ቡና እየጠጣን ያነሣነውን ትልቅ ስክሪን ላይ እናያለን። ሥልጠናው የሚበስለው እዚያ ይመስለኛል፤ የራስን ፎቶ ሰው ፊት አቅርቦ "ለምን እዚህ ቆምክ?" ሲባል መልስ መፈለግ። ከዚያ እስከ ማታ 12 ሰዓት እንደገና እንወጣለን።

ቅዳሜ የቅዱስ ሚካኤል ንግሥ መሆኑን አውቃለሁ። ማስቀደስ የምትፈልጉ ከቀትር በኋላ ኑ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ምሳው የፍስክም የጾምም ይኖረዋል።

ስልክ ብቻ ያላችሁም ኑ፤ ጨረሩን ስልክም ይይዘዋል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪያችሁን ከዓርብ ቀን ጀምራችሁ ሙሉ። በጨለማ ታክሲ መፈለጉ በተለይ ለሴቶች እንደሚከብድ ስለነገራችሁኝ መኪና ተከራይተናል፤ ከአያት፣ ከጀሞና ከመገናኛ ይወስዳችኋል። ለየትኛው እንደምትቀርቡ ቀደም ብላችሁ አሳውቁኝ፤ ሾፌሩ መስመሩን የሚያወጣው በዚያ ነው።