61 ፖስታ፣ 191 ድምፅ

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ 96 ቤቶች ባሉት ኮንዶ ነው። ባለፈው ዓመት የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን፣ ኤችኦኤ የምንለው ማለት ነው፣ ሦስት የቦርድ አባላት ይመርጥ ነበር። የቀረቡት ዕጩዎች አምስት ናቸው። ብዙዎቹ ሐበሻ ጎረቤቶቼ «እኛን ምን አገባን» እያሉ የምርጫውን ፖስታ ሳይከፍቱ ይጥሉታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ቦርዱ አባላትን ድምፅ ሳያሰጥ መደበኛ ክፍያችንን በዓመት እስከ 20 በመቶ መጨመር ይችላል። በደንብ ያገባናል።

ቆጠራው ማታ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሥራ ስለምገባ ሳያልቅ ወጣሁ። ውጤቱ በኢሜይል መጣ፦ 48፣ 44፣ 37፣ 35፣ 27። ድምፅ የሰጡ ቤቶች 61። አየት አድርጌ አለፍኩት።

ነገሩን የነቁበት ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ለብዙ ዓመት የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ውጤቱን አሳትመው በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አንድ ቤት ስንት ሰው ነው የሚመርጠው?»

«ቢበዛ ሦስት።»

«እስቲ እንግዲያው ደምረው።»

61 ቤት ሦስት ሦስት ቢመርጥ 183 ነው። የአምስቱ ዕጩዎች ድምፅ ሲደመር ግን 191 ሆነ። ደግመን ደመርን። ያው 191። ሁሉም ሰው ሦስቱንም ድምፁን ተጠቅሞ እንኳ ስምንት ድምፅ ይተርፋል። ሦስተኛውና አራተኛው ዕጩ ደግሞ የሚለያዩት በሁለት ድምፅ ነው።

ያን ማታ ያደረግኩት ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። የጎረቤቶች ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «ድምፃችን ተሰርቋል» ብዬ ጻፍኩ። ቆጠራውን ካገዙት ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ ናቸው። በማግስቱ አሳንሰር ውስጥ ተገናኘን። ሰላም ብላቸው ዝም አሉኝ።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ዴቪስ-ስተርሊንግ በሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ በወረቀት የሚደረግ የቦርድ ምርጫ የሚካሄደው በሁለት ፖስታ ነው። ምልክት ያደረግንበት ወረቀት ስም ሳይጻፍበት ውስጠኛው ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። ስም፣ አድራሻና ፊርማ የሚሰፍረው በውጪኛው ላይ ነው። ከቆጠራው በኋላ ይህ ሁሉ የሚቆየው በምርጫ ተቆጣጣሪው እጅ እንጂ በቦርዱ እጅ አይደለም። ውጤቱን ፍርድ ቤት ለመቃወም የተፈቀደው አንድ ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ማለት ነው። ውጤቱ ጥያቄ ሲነሳበት ደግሞ አንቀጽ 5125 ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ለጠየቀ አባል የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹን እንዲያሳይ ያዛል። የተፈረመባቸውን ፖስታዎችም ማየት ይቻላል፤ ኮፒ ማድረግ ግን አይፈቀድም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ለአስተዳዳሪው ድርጅት ነበር። «ምርጫው ተጠናቋል» የሚል የአንድ መስመር መልስ መጣልኝ። ሁለተኛውን ደብዳቤ በቀጥታ ለተቆጣጣሪዋ ላክሁ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። 61 በ3 ሲባዛ 183፣ የታወጀው ግን 191 መሆኑን ጻፍኩ። ወረቀቶቹን፣ ፖስታዎቹንና የቆጠራ ቅጾቹን ማየት እንደምፈልግ፣ ምንም ነገር እንዳይጣልም ጠየቅሁ። አንቀጹን ጠቀስኩ። ስለ ስርቆት አንድም ቃል አልጻፍኩም። በአራተኛው ቀን ቀጠሮ ሰጠችኝ።

እማማም አብረውኝ ገቡ። «መጀመሪያ ፖስታውን እንቁጠር» አሉ፤ ትክክል ነበሩ። ፖስታው 61፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም 61። ከመራጮች ዝርዝር ጋር አመሳከርነው፤ ሁለት ጊዜ የላከ የለም። ያኔ ትንሽ ተነፈስኩ። ማንም የሐሰት ወረቀት አልጨመረም።

ወረቀቶቹ የተቆጠሩት አሥር አሥር እየተደረጉ ነው። ለእያንዳንዱ እስር አንድ የቆጠራ ቅጽ ይሞላል። 61 ወረቀት ማለት ስድስት እስርና አንድ ትርፍ ነው፤ ስለዚህ ሰባት ቅጽ መኖር አለበት። ተቆጣጣሪዋ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ስምንት ሆኑ።

ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። 8፣ 6፣ 7፣ 2፣ 2። አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ሆኖ ብዙ ስርዝ ድልዝ አለበት። ሌላው በጥቁር፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተገልብጧል። አጋዦቹ የተበላሸውን ቅጽ በንጹህ ገልብጠው አሮጌውን ሳያስወግዱት ቀርተዋል። ድምር ላይ ሁለቱም ገቡ። 25 ድምፅ የበዛው እንዲህ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ እንደገና ስንቆጥር ውጤቱ 40፣ 38፣ 30፣ 33፣ 25 ሆነ። ሦስተኛው ወንበር ለአራተኛው ዕጩ ሆነ።

ሰባት መሆን ያለበት ቅጽ ስምንት መሆኑን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የዚያን ማታ እዚያ ብቆይ፣ ወይም ኢሜይሉ እንደደረሰኝ ቁጥሩን ብቻ ይዤ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ በማግስቱ ያልቅ ነበር።

ግሩፑ ላይ ስርቆት እንዳልነበረ ጻፍኩና ጋሼን ስም ሳልጠራ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሱ ግን አልበቃኝም። ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። «ስልኬ አለህ አይደል? ለምን አልደወልክልኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ሰላም እንባባላለን። በዘንድሮው ምርጫ ግን ለቆጠራው አጋዥ ሲፈለግ እጃቸውን አላወጡም።