ፊልሙ በዲስኩ፣ ምርጫው በኮምፒውተሩ

የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች ምስልን፣ ድምፅንና ጽሑፍን አጣምረው፣ ተመልካቹ ራሱ እየመረጠ የሚከታተላቸውን ዝግጅቶች ያቀርቡ እንደነበር ሳስብ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህን ያደረጉበት የማከማቻ መጠን ማነሱ ነው። ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቀው አሚጋ 1000 ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲወጣ 256 ኪሎባይት ሚሞሪ ነበረው፤ የሚጠቀምበት ፍሎፒ ዲስክም 880 ኪሎባይት ይይዝ ነበር። አግድም 320፣ ቁልቁል 200 ነጥቦች ያሉትና በ32 ቀለማት የተሠራ አንድ ምስል 40 ኪሎባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። በሴኮንድ 30 ምስሎች ይታዩ ቢባል፣ የአንድ ሴኮንድ ፊልም እንኳ ሳይጨመቅ በአንድ ፍሎፒ ላይ አይበቃም።

አዘጋጆቹ ይህን ችግር ያለፉበት መንገድ በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው ነው። በአሚጋ ስክሪን ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የሚይዘው የቀለሙን ተራ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩ የትኛውን ቀለም እንደሚያመለክት የሚወስነው ለብቻው የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነበር። በመሆኑም ሥዕሉን ጨርሶ ሳይነኩ በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ቀለማት ቦታ በማዘዋወር ብቻ ፏፏቴው እንዲወርድ፣ እሳቱም እንዲንቀለቀል ማድረግ ይቻል ነበር። ድምፁን ደግሞ ፖላ የተባለችው ቺፕ ከዋናው ፕሮሰሰር ሥራውን ተረክባ በአራት መስመሮች ታሰማ ነበር። ጄንሎክ የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ ሲገጠምለት ኮምፒውተሩ ከውጭ ከሚመጣ የቪዲዮ ምስል ጋር እኩል እየተራመደ፣ የራሱን ጽሑፍና ሥዕል በቪዲዮው ላይ ይደርብ ነበር።

እውነተኛ ፊልም ሲያስፈልግ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ገጹ እስከ 54,000 ቋሚ ምስሎችን የሚይዘው፣ በሌዘር ብርሃን የሚነበበው ትልቅ የቪዲዮ ዲስክ፣ የሌዘር ዲስክ፣ ምስሉን ያቀርባል፤ ኮምፒውተሩ በኬብል የምስሉን ቁጥር እየላከ ማጫወቻውን ያዝዛል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የፕሮግራመሩ የቢል አትኪንሰን ሥራ፣ ሃይፐርካርድ የተባለው ፕሮግራም፣ ይህን ትእዛዝ መስጠትን ለፕሮግራም ባለሙያ ብቻ የተተወ ከመሆን አወጣው፤ መምህሩም ሆነ የቤተ መዘክር ባለሙያው ካርድ የሚባሉትን የስክሪን ገጾች አዘጋጅቶ፣ በላያቸው አዝራር አኑሮ፣ ለእንግሊዝኛ በቀረበ ቀላል ቋንቋ አዝራሩ የሚሠራውን መጻፍ ይችል ነበር። ከዚያ ዘመን ፈጠራዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንኑ ነው፤ የሚያስተምረው ሰው የትምህርቱን መንገድ ራሱ እንዲቀይስ አስችሎታልና።

የዚህ አሠራር ደካማ ጎን በግልጽ የታየው በብሪታንያ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን መሬትና ንብረት የመዘገበው የዱምስዴይ መዝገብ የተጠናቀረበትን 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሳተፉበትን የአገሪቱን ገጽታ በሁለት የሌዘር ዲስኮች አሳተመ። ዲስኮቹ ከተለየ ማጫወቻና ከቢቢሲ ማስተር ኮምፒውተር ጋር ካልሆነ አይሠሩም ነበር፤ መሣሪያዎቹም ብዙም ሳይቆዩ ከገበያ ጠፉ። በኋላ የሊድስና የሚችጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሥራውን ለማዳን ሲነሡ፣ ምስሎቹን ከመቅዳት አልፈው የኮምፒውተሩንና የማጫወቻውን አሠራር በሶፍትዌር መልሰው መሥራት አስፈልጓቸዋል፤ ተመልካቹ የሚመርጥበት ሥርዓት ከምስሎቹ ተነጥሎ ከቀረ፣ የሚተርፈው ቅደም ተከተል የሌለው የፎቶግራፍ ክምችት ነበርና።